ከፈን ውስጥ የገባው የሰው ፈትል

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ላይ ይውረድ። ዛሬ የማወጋችሁን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት ከኡስታዜ ነው። ነግረውኝ ሲጨርሱ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። እሳቸው አዩኝና «ደነገጥህ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። «ደግ ነው፤ እኔም ስሰማው እንደዚሁ ሆኜ ነበር» ብለው ወደ ኪታባቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ፣ ስንቱን ጉድ ሰማሁ፤ ይኸኛው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

ነገሩ የሆነው በአንድ አሮጌ ከተማ ነው። ስሙን አልጠራውም። የሰዎቹ የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያው አሉ፤ «የቤታችንን ገመና ለምን አደባባይ አወጣህ» የሚለኝ አይጠፋም። ከመስጊዱ ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር፣ የሸማኔዎች ሰፈር ነበር። በዚያ ሰፈር ሐጅ ቡሽራ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ሥራቸው ቡልኮ መሥራት ነው።

ቡልኮ የማያውቅ የዛሬ ልጅ ካለ፣ ጋቢን አስብና ጨምርበት። ከጋቢ ይወፍራል፣ ከጋቢ ይከብዳል፣ ዕድሜውም ከጋቢ ይረዝማል። ጥጡ ከቆላ በአህያ ይመጣል። ሴቶች ፍሬውን ለይተው፣ በደጋን ነድፈው፣ በእንዝርት ይፈትሉታል። ሸማኔው ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ፣ ድሩን ወጥሮ፣ ማጉን እየወረወረ ጥቅጥቅ አድርጎ ይመታዋል። ሰው በብርድ ይለብሰዋል፣ ሲተኛ ይደርበዋል፣ መንገድ ላይ ሰላት ሲደርስበት ያነጥፈዋል። በሽተኛ የሚሸከሙት በቡልኮ ነው። ጀናዛ ሲወጣም ቃሬዛው ላይ የሚጣለው እሱ ነው። የሐጅ ቡሽራ ቡልኮ ሠላሳ ዓመት ይኖራል ይባል ነበር። አባት ለልጅ ያወርሰዋል፣ ልጅም ሳያፍር ይለብሰዋል።

ሐጅ ቡሽራ ቡልኮ ሲያስረክቡ ልጁን እንደሚድር አባት ምክር ያበዙ ነበር። «በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ አትጠቡት። ስታጥቡትም በእንዶድ ይሁን፣ ወራጅ ውሃ ላይ። በእግራችሁ ርገጡት እንጂ አትጠምዝዙት፤ ከተጠመዘዘ ድሩ ይሰበራል። ጥላ ላይ አስጡት። ርጥቡን አጥፋችሁ ሳጥን ውስጥ ከከተታችሁት ደግሞ ሻጋታ ይበላዋል፤ ያኔ እኔን እንዳታሙኝ» ይላሉ። በዚያው ሰፈር ስሱን ሸማ በዱቄት ውሃ አጠንክሮ ወፍራም አስመስሎ የሚሸጥ ነበር። ያንን የገዛ ሰው አንድ ቀን ያጥበዋል፤ በማግስቱ ወንፊት ይዞ ይመለሳል። ሐጅ ቡሽራ እንዲህ ያለውን ሥራ ሲያዩ አስተግፊሩላህ ብለው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

አሁን የምላችሁን ያዙልኝ። በዚያ አገር ሸማኔ ፈትል አይገዛም፤ ፈትሉን ባለቤቱ ያመጣለታል። ስለዚህ በሸማኔው እንቅብ ውስጥ ያለው ሁሉ የሰው ንብረት ነው፣ የሰው አማና፣ የሰው አደራ ነው። እንዳይቀላቀል የእያንዳንዱ ሰው ፈትል በቀለም ክር ይታሰራል፤ የእከሌ በቀይ፣ የእከሌ በሰማያዊ። የማይታሰር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለከፈን የመጣ ፈትል ነው። የሙት ልብስ ነጭ ነውና ቀለም እንዳይነካው ብለው ባዶውን ይተዉታል። ስለዚህ በሐጅ ቡሽራ ቤት ያልታሰረ ፈትል ሁሉ የከፈን ፈትል ነው። በዚህ ደንብ አርባ ዓመት ሠርተዋል፤ አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም።

በሰፈሩ መዲና የምትባል ባልቴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ሰዓዳ ከምትባል አንድ ልጇ በቀር ሰው የላትም። ለሰው እየፈተለች ትኖር ነበር። አርጅታ ዓይኗ ሲደክም አንድ ነገር ቆረጠች፤ የራሷን ከፈን በራሷ እጅ ልትፈትል። ጥጡን ያገኘችው በላቧ ነው። «ጌታዬ ፊት የምሄድበት ልብስ የሰው ሐቅ የሌለበት ይሁንልኝ» ትል ነበር። የሚሰማት ሁሉ ይህን ያውቃል። ሐጅ ቡሽራም ለአላህ ብለው ያለ ዋጋ ይሠሩላት ጀመር።

የሴት ከፈን አምስት ቁራጭ ነው፤ ከአምስቱ አራቱ አለቀ። አምስተኛው ግማሹ እንደ ደረሰ ማጉ ጎደለ። ሐጅ ቡሽራ «ትንሽ ልቃቂት ይበቃዋል» አሏት። «ኢንሻአላህ ፈትዬ እልክልዎታለሁ» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ሳል ይዟት ነበር።

በዚያው ሰሞን ሙዘሚል የሚባል የጨው ነጋዴ መጣ። ሀብታም ነው፤ ድምፁ ትልቅ ነው፤ ቁጣው አፍንጫው ላይ ነው። ያን ቀን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ገባ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ፈትል በሁለት እጁ ይዟል።

«ሐጅ፣ ይህ እናቴ ልትሞት ሰሞን የፈተለችው ነው» አለ። «ስድስት ዓመት ሳጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ። ለሙሉ ቡልኮ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ቡልኮውን በሌላ በማመጣልዎ ፈትል ይሥሩልኝ፤ በትከሻዬ በኩል የሚውለውን ጫፍ ግን በዚህ ይሥሩልኝ።»

ሐጅ ቡሽራ ተቀበሉት። በቀይ ክር ታስሯል። ሙዘሚል ቀዩን ክር ሲያይ እጁን ዘረጋ። «ይህን ቋጠሮ ያሰረችው እሷ ናት፤ ለኔ ይቅር» ብሎ ቀስ አድርጎ ፈታውና ኪሱ ከተተው። «ግድ የለም፣ እኔ ሌላ አስርበታለሁ» አሉት ሐጅ። ክር ሊያነሱ ሲሉ የዙህር አዛን ተሰማ። ፈትሉን እንቅቡ ውስጥ አኖሩና ተያይዘው ወደ መስጊድ ወጡ። ከመስጊድ መልስ ሌላ ሰው ቆይቷቸው፣ ሌላ ወሬ ተነስቶ፣ ረሱት። ሰው ናቸው።

ከአራት ቀን በኋላ ረቡዕ ማለዳ መዲና ወደ አኼራ ሄደች።

ጀናዛ አይቆይም። ሴቶቹ ውሃ ሲያሞቁ፣ ወንዶቹ ቀብር ሲቆፍሩ፣ ሐጅ ቡሽራ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ወረዱ። የሌላውን ሰው ሥራ ሁሉ ትተው የመዲናን አምስተኛ ቁራጭ ያዙ። እጃቸውን ወደ እንቅቡ ሲሰዱ ያልታሰረ ፈትል አገኙ። ወፍራም ነው፣ አልፎ አልፎ ቋጠር ቋጠር ያለ፣ የአሮጊት እጅ የፈተለው። «አምጥታው ኖሯል፤ አላህ ይዘንላት» አሉ። እንባቸው እየወረደ፣ ዚክር እያሉ ሠሩ። ለዙህር አለቀ። ታጠበች፣ ተከፈነች፣ ተሰገደባት፣ ከዐስር ሰላት በፊት ተቀበረች። ሰው ሁሉ «ምን ያለ መታደል ነው፤ በገዛ እጇ ፈትል ተሸፍና ሄደች» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት የሐጅ ቡሽራ ባለቤት ዙበይዳ ከለቅሶ ቤት ተመለሱ። ሦስት ቀን እዚያው ከሰዓዳ ጋር ነበሩ። ጓዳ ገብተው ሰፌዱን ሲያነሱ አንድ ነገር አዩና ይዘውት ወጡ።

«ሐጅ፣ ይህ የመዲና ፈትል ምነው እዚህ ቀረ? አልበቃ ብሎ ሌላ ጨመሩበት እንዴ?»

ሐጅ ቡሽራ መወርወሪያውን ይዘው ቀና አሉ። «የማን ነው ያልሽው?»

«የመዲና ነዋ። ማክሰኞ ሰዓዳ አመጣችው። እርስዎ ለዐስር ሰላት ወጥተው ነበርና ተቀብዬ ሰፌዱ ላይ አኖርኩት። በማግስቱ ሞቷ ተሰማ፤ እኔም ወደ ለቅሶ ሮጥኩ። ሰዓዳ የነገረችዎ መስሎኝ።»

መወርወሪያው ከእጃቸው ወደቀ። ከጉድጓዱ ወጥተው እንቅቡን መሬት ላይ ገለበጡት። ፈትሉን አንድ በአንድ አነሱት። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፤ ሁሉም ታስሯል። የሙዘሚል የለም። ዳግመኛ ፈለጉ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ» አሉ። «ዙበይዳ፣ መዲናን በሰው ፈትል ቀብሬያታለሁ።»

ዙበይዳ ራሳቸውን ያዙ። ቆይተው፣ ሴት ብልህ ናትና፣ ወደ ባላቸው ጠጋ ብለው ተቀመጡ።

«ሐጅ፣ ማን አየ? ሁለቱም ነጭ ነው፣ ሁለቱም የአሮጊት እጅ ነው። የመዲናን ፈትል ለሙዘሚል ጫፍ ያድርጉለት። እሱም ደስ ይለዋል፣ እሷም በሰላም ትተኛለች። አፈር የሸፈነውን እርስዎ ለምን ይገልጡታል?»

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ብሆን የሚስቴን ግንባር ስሜ ይህን ምክር እቀበል ነበር። ማን ይጎዳል? ሙዘሚል አያውቅ። መዲና አፈር ለብሳለች። ሰዓዳ ለቅሶ ላይ ናት።

ሐጅ ቡሽራ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙዘሚል ያንን ጫፍ ይስመዋል፣ ዙበይዳ። የእናቴ እጅ ነው ብሎ የሰው ፈትል ይስማል። እኔስ አጠገቡ እየሰገድኩ እያየሁት ዝም ልል ነው?»

«ቀብሩ ይቆፈርልኝ ቢልስ?»

ሐጅ ቡሽራ ተነሱ። እንደሚችል ያውቃሉ። በሸሪዓው ሕግ፣ በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ፣ ሰው በሌላ ሰው ንብረት ከተከፈነና ባለቤቱ ሐቄን ካለ ቀብሩ ሊከፈት ይችላል ያሉ ዑለማዎች አሉ። ሙእሚን በሰላም የተኛበት ቀብር በሦስተኛው ቀን ሲከፈት፣ የዚያች ምስኪን ገላ ለፀሐይ ሲወጣ አስቡት። የዚያን ቀን ሐጅ ቡሽራ ከቤታቸው ሲወጡ ተሸክመውት የወጡት ይህን ነው።

ሙዘሚልን ያገኙት ገበያ ውስጥ፣ ከጨው መደብሩ ፊት ነው። ሰላም ብለውት አልተቀመጡም።

«ሙዘሚል፣ የእናትህን ፈትል ለሰው ከፈን አድርጌዋለሁ። ረቡዕ ከመዲና ጋር ተቀብሯል።»

ሙዘሚል ሳቀ። ሽማግሌው የሚቀልዱ መሰለው። ፊታቸውን ሲያይ ግን ሳቁ ደረቀ። «ምን አሉ?»

ደገሙለት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሩት። የሚያልፈው ሰው መቆም ጀመረ።

«ሌላ አስርበታለሁ ብለውኝ አልነበረም ወይ!» አለ ሙዘሚል። ድምፁ ገበያውን ሞላው።

«ብዬህ ነበር። አዛን ጠራኝና ረሳሁት። አዛን ግን ሰበብ አይሆነኝም፤ አንድ ቋጠሮ በማሰር ሰላት አያመልጥም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። የምትለኝን ሁሉ እቀበላለሁ።»

«ምን ልበልዎ? ምን?» ሙዘሚል ደረቱን መታ። «እናቴ ስትሞት እኔ በረሃ ጨው ስጭን ነበርኩ። ያጠቧት ጎረቤት። የከፈኗት ጎረቤት። እኔ ፊቷን እንኳ አላየሁም። ከእጇ የቀረኝ ያ ፈትል ብቻ ነበር! ካሳ ያመጡልኛል? የእናቴን ጣት ያመጡልኛል?» ከዚያ ገበያተኛውን ሁሉ ክው ያደረገውን ቃል ተናገረ። «ሐቄን እፈልጋለሁ። ከአፈር ውስጥም ቢሆን ይውጣልኝ።»

አንዲት ቅቤ ሻጭ «ኧረ በአላህ!» ብላ ጮኸች። ሌላው «እብድ ነው» አለ። ሐጅ ቡሽራ ግን «ሐቅህ ነው» ብለው ብቻ ወደ ቃዲው ቤት ቀደሙት።

ቃዲው ሁለቱንም ሰምተው ጢማቸውን ያዙ። አርባ ዓመት ፈርደዋል፤ እንዲህ ያለ ከሳሽ፣ እንዲህ ያለም ተከሳሽ አጋጥሟቸው አያውቅም። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

«ሙዘሚል፣ ንብረቱ ያንተ ነው። ዑለማዎች በዚህ ተለያይተዋል። ባለሐቁ ከጠየቀ ይከፈታል ያሉ አሉ፤ ምትክ ይቀበል ያሉም አሉ። እኔ ምትክ ተቀበልና ሙቷን ተዋት ብዬ እለምንሃለሁ።»

«አልቀበልም።»

ሦስት ጊዜ ለመኑት፤ ሦስት ጊዜ እምቢ አለ። ቃዲው ዓይናቸውን ጨፍነው «እንግዲያው ነገ ፀሐይ ስትወጣ» አሉ።

ወሬው ከእሳት ፈጥኖ ሰፈሩን አዳረሰው። ከሰዓት በኋላ ሰዓዳ በለቅሶ ልብሷ ሐጅ ቡሽራ ደጃፍ ቆመች። አላለቀሰችም። እንባዋ ያለቀ ነበር የምትመስለው።

«አባባ፣ እናቴ ምን በደለች?»

«ምንም አልበደለች፣ ልጄ። በዳዩ እኔ ነኝ።»

«ዝም ቢሉስ ምን ነበረበት?»

ሐጅ ቡሽራ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ተሰበረ። «እናትሽ ያለችኝን አንቺም ሰምተሻል። የሰው ሐቅ የሌለበት ልብስ ይሁንልኝ አለችኝ። እኔ በሰው ሐቅ ሸፍኜ ሰደድኳት። አሁን ደግሞ ይህን አውቄ ዝም ብል፣ በቂያማ ቀን ስታየኝ ምን እላታለሁ?»

ሰዓዳ ነጠላዋን አጥብቃ «እንግዲያው እኔም እገኛለሁ፤ እናቴን ብቻዋን አላስከፍታትም» አለችና ሄደች። ዙበይዳ ከኋላዋ ሮጠው አቀፏት። ሁለቱ ሴቶች መንገድ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ያያቸውም አብሮ አለቀሰ።

በማግስቱ ከፈጅር በኋላ ከተማው በሙሉ ቀብሩ ቦታ ነበር። ሰው ቆሟል፣ የሚናገር የለም። ቀብር ቆፋሪዎቹ ተጠርተው «እኛ እጃችንን አንሰድም፤ ብትፈልጉ እሰሩን» ብለው ዶማቸውን ጥለው ወደ ኋላ ሄዱ። ሁሉም ቃዲውን አየ፤ ቃዲው መሬት መሬቱን ያያሉ።

በዚህ መሐል ሐጅ ቡሽራ መጡ። በትከሻቸው ዶማ ይዘዋል፣ በብብታቸው ነጭ ጥቅል ይዘዋል። ጥቅሉን ያወቁት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። የራሳቸው ከፈን ነበር። ከዓመታት በፊት ሐጅ ሲያደርጉ በዘምዘም ውሃ ነክረውት፣ አድርቀው፣ ለሞታቸው ቀን ያኖሩት ነው። ለዙበይዳ ሰጧቸው።

«ያኛው ሲወጣ በዚህ ትሸፈን» አሉ። ቀጥለውም ወደ ሙዘሚል ዞሩ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የምቆፍረውም እኔ ነኝ። አንተ ሐቅህን ትወስዳለህ፤ ማንም አይናገርህም።»

ሴቶቹ ሙቷን ከወንድ ዓይን ሊከልሉ አራት ቡልኮ ዘርግተው ዙሪያውን እንደ ግድግዳ ያዙ። የአንዱን ጫፍ የያዘችው ሰዓዳ ናት። ቡልኮዎቹ ሁሉ የሐጅ ቡሽራ እጅ ሥራ ነበሩ። ሽማግሌው አፈሩን ብቻ ቆፍረው ቀሪውን ለሴቶቹ ሊተዉ፣ «ቢስሚላህ» ብለው ዶማውን አነሱ።

አፈሩ ገና አልጠነከረም፤ ዶማው ሲያርፍ ድምፁ ድፍን ያለ ነበር ይባላል። አንድ። ሁለት። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ያለከልካሉ። ሦስት። ከቡልኮው ወዲያ ሰዓዳ ያንን ድምፅ በሰማች ቁጥር የያዘችውን ጫፍ ታጠብቀዋለች፤ አልለቀቀችውም። አራት።

«ይቁም!»

ሙዘሚል ነበር። መሬት ላይ ተቀምጧል። ያ ትልቅ ድምፁ የት እንደ ገባ አይታወቅም።

«እናቴን እኔ አላለበስኳትም» አለ። «ሰው ነው ያለበሰልኝ። እኔ የማላውቀው ሰው ገላዋን ሸፈነልኝ። አሁን እኔ ተነስቼ የሰው እናት ልገፍፍ ነው?»

ሙዘሚል በእንብርክኩ እየተጎተተ በቡልኮው ሥር ገባና የተቆፈረውን አፈር በሁለት እጁ መመለስ ጀመረ። «አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ፤ ሰምታችኋል? ሐላል ብያታለሁ። ምትክም አልፈልግም። ካሳም አልፈልግም። ፈትሉ የሷ ነው» ይላል፤ አፈሩን ይመልሳል። ሐጅ ቡሽራ ዶማቸውን ተደግፈው ቆመው ያዩታል። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አላሁ አክበር ሲል፣ ቃዲው ጥምጣማቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ።

ሙዘሚል አፈሩን ደልድሎ ሲጨርስ ወደ ቡልኮው ዞሮ፣ ዓይኑን ወደ መሬት እንዳደረገ «እህቴ፣ አስጨንቄሻለሁ፤ አውፍ በይኝ» አለ።

ከቡልኮው ወዲያ የሰዓዳ ድምፅ ተሰማ። «እናትዎ እናቴን አልብሰዋታል፣ ጋሼ። እኔ በእርስዎ ላይ ምን ቂም እይዛለሁ?»

ሰው ሲበተን አንድ ጎረምሳ ሐጅ ቡሽራን ተከትሎ ሁላችንም የምንጠይቀውን ጠየቃቸው። «ሐጅ፣ ሙዘሚል ይቁም ባይል ኖሮ እውነት ይከፍቱት ነበር?»

ሽማግሌው ዶማውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ቡልኮዬ ሠላሳ ዓመት ይኖራል ትላላችሁ፣ ልጄ። ከአፈር በታች ግን ማንኛውም ጨርቅ ይበሰብሳል። የማይበሰብሰው የሰው ሐቅ ነው።»

ይህን ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

እኔን የሚያስደነግጠኝ የቀብሩ ነገር አይደለም። ቀብር ስንቱ ሲከፈት ሰምተናል። የሚያስደነግጠኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ያን ጊዜ ነገሩን የሚያውቁት ባልና ሚስት ብቻ ነበሩ። መፍትሔውም በዙበይዳ እጅ ላይ ነበር፤ ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ማንም አይለየውም። እኛ ብንሆን «አላህ ሸፈነው» እንልና ጥፋታችንን በአላህ ስም እናሽገው ነበር። ሐጅ ቡሽራ ግን አላህ ሸፈነልኝ ከማለታቸው በፊት፣ ከሥር የተሸፈነው የማን ንብረት እንደሆነ ጠየቁ። ሐቅን መመለስ ደግሞ ሁልጊዜ ደስ የሚል ነገር አይደለም። የሚወዱትን ሰው ያስለቅሳል፣ ሰላም የነበረውን ሰፈር ያተራምሳል፣ ሽማግሌን ዶማ ያስይዛል። እሳቸው ይህን ሁሉ አውቀው ነው ከቤት የወጡት። ሙዘሚል ይቅር ይለኛል ብለው አልወጡም።

ሰው የሚመክር ሰው ራሱን አስቀድሞ ይፈትሽ ይባላል፤ እኔም አንድ ነገር ልናዘዝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ከጁሙዓ ስወጣ ጫማዬ ካስቀመጥኩበት የለም። በቦታው የኔን የሚመስል፣ ነገር ግን ከኔ አዲስ የሆነ ጫማ ቆሟል። «ተለዋውጦ ሄዷል፤ የሱ ጥፋት ነው» ብዬ አጥልቄው ሄድኩ። የሐጅ ቡሽራን ታሪክ አውቀው ነበር እኮ! እያወቅሁት ዓመት ሙሉ ተጫማሁት፣ እየተጫማሁት ሰው መከርኩ። ይህን ታሪክ ለጀመዓው ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጋሁ ቀን ግን ከመስጊድ ስወጣ እግሬ እዚያ ጫማ ውስጥ አልገባ አለኝ። በባዶ እግሬ፣ ሰው እያየኝ፣ ቤቴ ገባሁ። ጫማው ዛሬም መስጊዱ በር ላይ፣ በስተቀኝ ባለው መደርደሪያ ላይ አለ። ባለቤቱ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ወንድሜ፣ ና ውሰደው። ተረከዙ በኔ እግር ትንሽ አልቋል፤ ስለ እሱም አውፍ በለኝ።